ዲ3 እና ዲ13፦ በኑክሊዮ ቦርድ ላይ ዝም ያለ የብሉቱዝ ማስፋፊያ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ አንድ የብሉቱዝ ማስፋፊያ ቦርድ በማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር) ልማት ቦርድ ላይ ተሰክቶ ለቀናት አንድም ምላሽ ሳይሰጥ የቆየበትን ምክንያት፣ ምክንያቱን ለማግኘት የሄድንበትን መንገድና በመንገዱ ላይ የሠራናቸውን ስሕተቶች ይዘግባል። ብልሽት ብለን ስንፈልገው የከረምነው ነገር በመጨረሻ በየትኛውም ዕቃ ውስጥ አልተገኘም። ሁለቱም ቦርዶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደኅና ነበሩ፤ የተሳሳተው በሁለቱ መካከል አለ ብለን የገመትነው ግንኙነት ነው።

ሥራው የአራት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲሆን እኔ አማካሪያቸው ነበርሁ። ዓላማቸው በዶሮ ዕንቁላል ማስፈልፈያ ሳጥን ውስጥ ያለውን ሙቀትና እርጥበት እየለካ በብሉቱዝ ወደ ስልክ የሚልክ መሣሪያ መሥራት ነበር። ዕንቁላሉ ለ21 ቀናት በ37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መቆየት አለበት፤ ሳጥኑን በየሰዓቱ እየከፈቱ ቴርሞሜትር ማየት ደግሞ ሙቀቱን ራሱን ያዛባል። ስለዚህ ንባቡን ሳጥኑ እንደተዘጋ በስልክ ማየት የሥራው ዋና ፍሬ ነገር እንጂ ተጨማሪ ጌጥ አልነበረም።

ዋናው ቦርድ ኑክሊዮ-ኤፍ401አርኢ ነው። በላዩ ያለው ኤስቲኤም32ኤፍ401አርኢ ማይክሮኮንትሮለር ኮርቴክስ-ኤም4 ኮር ያለው፣ እስከ 84 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ፣ 512 ኪሎባይት ፍላሽና 96 ኪሎባይት ራም የያዘ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። የገመድ አልባውን ክፍል የሚሸከመው ኤክስ-ኑክሊዮ-አይዲቢ05ኤ1 የተባለው ማስፋፊያ ቦርድ ሲሆን፣ በላዩ የተቀመጠው ሞጁል ብሉኤንአርጂ-ኤምኤስ የተባለውን ዝቅተኛ ኃይል የሚጠቀም የብሉቱዝ ቺፕ ይዟል። ሙቀትና እርጥበት የሚለካው ዲኤችቲ22 ሴንሰር ነው፤ እርሱ ለመረጃ አንድ ገመድ ብቻ የሚፈልግ በመሆኑ ተማሪዎቹ ገመዱን ከ10 ኪሎ ኦም ፑል አፕ ሬዚስተር (መስመሩን ማንም ሳይነካው ወደ ላይ ከፍ አድርጎ የሚይዝ) ጋር በቦርዱ ጎን ካሉት ፒኖች (የግንኙነት እግሮች) መካከል ዲ3 ተብሎ ከሚጠራው ጋር አገናኝተውታል። ይህን የሴንሰር ገመድ አንባቢ እንዲያስታውሰው እጠይቃለሁ፤ እኛ ግን እስከ አሥረኛው ቀን ድረስ ረስተነው ነበር።

የኑክሊዮ ቦርድ መካከለኛ ሶኬቶች በአርዱዊኖ ኡኖ አደራደር የተሠሩ ስለሆኑ ማስፋፊያ ቦርዱን ሲጫኑት ልክክ ብሎ ይገባል፤ አገልብጦ ለመሰካትም አይመችም። ያታለለንም ይኸው ልክክ ማለቱ ነው። የሶኬቶቹ ቁጥርና ርቀት መስማማቱ ቦርዱ በሜካኒካል ረገድ እንደሚገጥም ይናገራል እንጂ በየትኛው ፒን ላይ የትኛው ሲግናል እንደሚሄድ አይናገርም። ተማሪዎቹም እኔም ሁለቱን አንድ አድርገን ተቀበልናቸው።

ችግሩ የታየው በመጀመሪያው ሙከራ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ይነሣል፣ የሙቀቱን ንባብ በሲሪያል መስኮቱ (ቦርዱ የሚልከው ጽሑፍ በኮምፒውተር ላይ የሚታይበት) ላይ በትክክል ይጽፋል፣ ብሉቱዙን ለማስጀመር ሲደርስ ግን ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅና ቺፑ ዝግጁ አይደለም የሚል መልእክት አውጥቶ ያቆማል። በስልክ ላይም የመሣሪያው ስም አይታይም። እዚህ ላይ ከጉዳዩ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው እንቅፋት አንድ ሙሉ ምሽት በላብን፤ መሞከሪያው ስልክ አንድም የብሉቱዝ መሣሪያ አያሳይም ነበር። አንድሮይድ ከ6 እስከ 11 ባሉት ስሪቶች ዝቅተኛ ኃይል ብሉቱዝን ለመቃኘት መተግበሪያው የአካባቢ መጠቆሚያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ እኛም ሁለቱንም ማለትም ፈቃዱንም ራሱን የአካባቢ አገልግሎቱንም አጥፍተን ነበር። ሲበራ የሰው ሁሉ የጆሮ ማዳመጫ ታየ፤ የእኛ ግን አሁንም የለም።

ቀጥሎ የሆነው ነገር በየላብራቶሪው የሚሆነው ነው። ዕቃ መቀያየር ጀመርን። ኃይሉ አነሰ ብለን የዩኤስቢ ገመዱን ቀየርን፤ ኮምፒውተሩን ቀየርን። ቴስተር አውጥተን ስንለካ 3.3 ቮልቱ በቦታው ነበር፤ ሊጎድልም አይገባውም ነበር፤ ይህ ቺፕ በሚያስተላልፍበት ጊዜ እንኳ የሚወስደው በጥቂት ሚሊአምፔሮች የሚቆጠር ኃይል ስለሆነ፣ ኃይለኛ ገመድ አልባ ሞጁሎች ላይ የለመድነው የኃይል ማነስ ጥርጣሬ እዚህ ብዙም ቦታ የለውም። ከሌላ ክፍል ተመሳሳይ ማስፋፊያ ቦርድ ተውሰን ሰካን፤ እርሱም ዝም አለ። የላይብረሪውን (ብሉቱዙን የሚያዝዘውን የተዘጋጀ ኮድ) ስሪት ወደ ኋላ መለስን፣ ወደ ፊት ወሰድን። ሁለት ቦርዶች በአንድ ዓይነት መንገድ ዝም ማለታቸው በራሱ ትልቅ ማስረጃ ነበር፤ ሁለት ዕቃዎች በአንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት ሁኔታ መሞታቸው ከስንት አንዴ የሚገጥም ነገር ነውና፣ ከዚያ በኋላ ጥርጣሬያችን ሁሉ ወደ ራሳችን ኮድና ግንኙነት መዞር ነበረበት። እኛ ግን ሦስተኛ ቦርድ ስለማግኘት ተነጋገርን። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ሆኖም የጉዳይ ጥናት ያፈርንበትን ካልያዘ ለሌላው ሰው ብዙም አይጠቅምም።

የመጀመሪያውን እውነተኛ ፍንጭ የሰጠችን ከተማሪዎቹ አንዷ ናት። ፕሮግራሙ ብሉቱዙን በሚጠብቅባቸው ሰከንዶች ውስጥ በኑክሊዮው ላይ ያለችው አረንጓዴ ኤልኢዲ ደብዘዝ ብላ እንደምትርገበገብ አስተዋለችና «መምህር፣ ይህቺን ማን አዘዛት?» ብላ ጠየቀችኝ። ኮዱን አገላብጠን አየን፤ ኤልኢዲዋን የሚያበራ አንድም መስመር የለም። እኔ በወቅቱ ነገሩን እንደ ትንሽ ነገር አይቼ አለፍሁት፤ እርሷ ግን በማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ሁለተኛው ፍንጭ በዚያው ደብተር ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር፤ «ኤ0፦ 3.3 ቮልት» ይላል። ያን ቀን ፒኖቹን አንድ በአንድ በቴስተር ስንለካ የተገኘ ቁጥር ነው፤ «ኃይል አለ» ብለን አልፈነዋል። ነገር ግን ኤ0 የኃይል ፒን አይደለም። በዚህ ማስፋፊያ ቦርድ ላይ ኤ0 ቺፑ ለማይክሮኮንትሮለሩ «የምነግርህ ነገር አለኝ» የሚልበት የኢንተራፕት መስመር ነው። ቺፑ ከሪሴት (እንደገና ከማስጀመር) ሲነሣ ሥራ መጀመሩን የሚገልጽ መልእክት አዘጋጅቶ ይህን መስመር ከፍ ያደርጋል፤ መልእክቱን የሚያነብለት እስኪያገኝም ከፍ አድርጎ ይቆያል። በስምንተኛው ቀን ማኑዋሉን ከፊት ለፊታችን ዘርግተን ስናነብ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ገባን፤ ሞተ ያልነው ቺፕ ለስምንት ቀናት እጁን አውጥቶ ነበር።

ግምቱን ለማረጋገጥ አጭር ሙከራ ሠራን። ከብሉቱዝ ላይብረሪው ምንም ሳንጠቀም፣ የኤ0ን ውስጣዊ ፑል ዳውን (መስመሩን ማንም ሳይነካው ወደ ዜሮ የሚስብ ሬዚስተር) አብርተን፣ የሪሴት መስመሩ የሆነውን ዲ7ን ወደ ዜሮ አውርደን ያዝነው፤ ኤ0 ወደ ዜሮ ወረደ። ዲ7ን ስንለቀው ኤ0 ወዲያው ወደ 3.3 ቮልት ወጣ። አሥር ጊዜ ደጋገምነው፤ አሥሩንም ጊዜ እንደዚያው ሆነ። ከሁለተኛው ቦርድ ጋርም ያው ነው። በዚህ በአሥር መስመር ኮድ የኃይል አቅርቦቱ፣ የሪሴት መስመሩ፣ የኢንተራፕት መስመሩና ራሱ ቺፑ ደኅና መሆናቸው ተረጋገጠ፤ የቀረው ማይክሮኮንትሮለሩና ቺፑ መረጃ የሚለዋወጡበት ኤስፒአይ የተባለው መንገድ መስመሮች ብቻ ነው።

ኤስፒአይ በአራት መስመሮች የሚሠራ ነው፤ አንዱ ታዛዡን የሚመርጥ፣ አንዱ ከአዛዥ ወደ ታዛዥ መረጃ የሚወስድ፣ አንዱ ከታዛዥ የሚመልስ፣ አራተኛው ደግሞ ለሁሉም ጊዜውን የሚመታ ክሎክ። ይህ ቺፕ አዛዡ ሲመርጠውና የአምስት ባይት ራስጌ (የመልእክት መግቢያ) ሲልክለት እርሱም በተመሳሳይ ጊዜ አምስት ባይት ይመልሳል፤ ዝግጁ ከሆነ የመጀመሪያው ባይት 2 ነው፣ ቀጥሎ ያሉት ደግሞ ምን ያህል ባይት መቀበል እንደሚችልና ምን ያህል ለመነበብ እንደሚጠብቅ ይናገራሉ። ቺፑ እንቅልፍ ላይ ከሆነ 0 ወይም 255 ይነበባል። እኛ ሁልጊዜ የምናነበው 0 ነበር፤ ላይብረሪውም በሕጉ መሠረት «ተኝቷል» ብሎ ይተረጉመውና ጊዜው እስኪያልቅ ይደጋግማል።

ይህ 0 ግን ሁለት ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል ያሰብነው ዘግይተን ነው። ቺፑ በሚሠራበት ሞድ 0 በተባለው የኤስፒአይ አሠራር ታዛዡ የመጀመሪያውን ቢት በመስመሩ ላይ የሚያስቀምጠው የመጀመሪያው የክሎክ ምት ከመምጣቱ በፊት ነው። ቁጥር 2 በስምንት ቢት ሲጻፍ 00000010 ነው፤ የሚቀድመው ቢት ዜሮ ነው። ስለዚህ ክሎኩ ጭራሽ የማይደርሰው ቺፕ ዝግጁ ቢሆንም በመጀመሪያው ዜሮ ላይ እንደቆመ ይቀራል፤ አንባቢውም ስምንት ጊዜ ያንኑ ዜሮ አንብቦ 0 ይላል። ከበሮው ሳይመታ ወረቡ እስኪነሣ እንደሚጠብቅ ዘማሪ ማለት ነው፤ ከውጭ ለሚያየው የተኛ ይመስላል።

በዘጠነኛው ቀን ባለ 8 ቻናል ርካሽ ሎጂክ አናላይዘር (የመስመሮችን ከፍና ዝቅ ማለት በጊዜ ቅደም ተከተል መዝግቦ የሚያሳይ ዕቃ) አገኘን። ይህ ዕቃ በሰከንድ ከ24 ሚሊዮን በላይ ናሙና ስለማይወስድና ላይብረሪው ክሎኩን በ8 ሜጋኸርትዝ ስለሚያስኬደው፣ በአንድ ምት ሦስት ናሙና ብቻ ይዘን የምናየው ሥዕል አያስተማምንም ነበር። ስለዚህ ለምርመራው ብቻ ክሎኩን ወደ 1 ሜጋኸርትዝ አወረድነው። መንጠቆዎቹን በኤ1 (የመምረጫው መስመር)፣ በዲ11፣ በዲ12 እና በዲ13 ላይ አድርገን ፕሮግራሙን ስናስነሣ ሁሉም ነገር የተስተካከለ መሰለ፤ ኤ1 ይወርዳል፣ በዲ11 ላይ ራስጌው ይሄዳል፣ በዲ13 ላይ ክሎኩ ይመታል፤ ዲ12 ብቻ ጸጥ ብሎ ዜሮ ላይ ይተኛል። በዚህ ሥዕል ብቻ የሚፈርድ ሰው አሁንም «ቺፑ አይመልስም» ይል ነበር።

ከዚያ ነው የላብራቶሪው ቴክኒሻን ሁለቱን ቦርዶች አላቅቆ፣ ቴስተሩን የጩኸት መለኪያ ላይ አድርጎ፣ ከሞጁሉ የክሎክ እግር እስከ ሶኬቶቹ ድረስ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ ራሱ መፈለግ የጀመረው። በዲ13 ላይ ቴስተሩ አልጮኸም። በዲ3 ላይ ጮኸ።

ማኑዋሉም ይህንኑ በግልጽ ይናገራል። የዚህ ማስፋፊያ ቦርድ የኤስፒአይ ክሎክ እንደተሠራ የሚመጣው በዲ3 ላይ ነው፤ ወደ ዲ13 ማዛወር የሚፈልግ ሰው በቦርዱ ላይ ያሉትን ዜሮ ኦም ሬዚስተሮች አንሥቶ ቦታ መቀየር ይችላል። ለዚህ አሠራር የሚታየኝ ምክንያት አሳማኝ ነው። በአርዱዊኖ ኡኖ ላይ ፒን 13 የኤስፒአይ ክሎክም የቦርዱ ኤልኢዲም ነው፤ ኑክሊዮውም ይህን ወርሶ አረንጓዴዋን ኤልኢዲ ከዚያው ፒን ጋር፣ በማይክሮኮንትሮለሩ ስም ፒኤ5 ከሚባለው ጋር አያይዟታል። ክሎኩ በፒቢ3 ማለትም በዲ3 ቢሄድ ኤልኢዲዋ ለሌላ ሥራ ነጻ ትሆናለች። ማይክሮኮንትሮለሩም ያንኑ የመጀመሪያውን ኤስፒአይ ክሎክ በፒኤ5ም በፒቢ3ም ማውጣት ስለሚችል ምንም የሚጎድል ነገር የለም። የእኛ ኮድ ግን ክሎኩ በዲ13 ከነበረ ሌላ ገመድ አልባ ሞጁል ጋር ከተሠራ የቀደመ ሥራ የተወሰደ ነበርና የኤስፒአይ ፒኖቹን በግልጽ ሳይጠቅስ ለነባሪው (ምንም ካልተጠቀሰ ለሚወሰደው ምርጫ) ትቶታል፤ ነባሪው ደግሞ ዲ13 ነው። ክሎካችን ስምንት ቀን ሙሉ የመታው ለኤልኢዲዋ ነበር። ተማሪዋ «ማን አዘዛት?» ያለችው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ያን ቀን ጥያቄዋን ተከትዬ ኤልኢዲዋ በየትኛው ፒን ላይ እንዳለች ብመለከት ኖሮ ሥራው በሁለት ሰዓት ያልቅ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ነበር፤ ካውያ አንሥቶ ሬዚስተሮቹን ማዛወር ወይም በኮዱ ውስጥ ፒኖቹን ዲ11፣ ዲ12 እና ዲ3 ብሎ በስም መጥቀስ። የተዋስነውን ቦርድ መመለስ ስላለብንና ጥቃቅን ሬዚስተሮችን በተራ ካውያ ማንሣት ፓዱን (ሬዚስተሩ የተበየደበትን ማረፊያ) ሊያስነቅል ስለሚችል ሁለተኛውን መረጥን። አንድ መስመር ቀየርን። የመጀመሪያው ባይት 2 ሆኖ ተነበበ፣ የመሣሪያው ስም በስልኩ ላይ ታየ፣ ክፍሉም በጭብጨባ ተናጋ።

ጭብጨባው ብዙ አልቆየም። በስልኩ ላይ ስሙ ይታያል፤ ለመገናኘት ሲሞከር ግንኙነቱ የተጀመረ ይመስላል፣ ግን ምንም ንባብ አይመጣም፤ ከ30 ሰከንድ ገደማ በኋላም ይቋረጣል። ይህ በመጀመሪያ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ስሙ እየታየ እንዴት አይሠራም? መልሱ በአሠራሩ ውስጥ አለ። ስምን ለአካባቢው ማሰማትና የግንኙነት ጥያቄን መቀበል ቺፑ አንድ ጊዜ ከታዘዘ በኋላ ራሱ የሚያከናውነው ሥራ ነው፤ ለስልኩ ጥያቄዎች የሚመልሰው ግን በእኛ አደረጃጀት ማይክሮኮንትሮለሩ ነው። ስለዚህ የሚታይ ስም ቺፑ በአንድ ወቅት መታዘዙን እንጂ አሁን በሁለቱ መካከል ንግግር መኖሩን አያረጋግጥም።

አናላይዘሩን መልሰን ስናያይዝ በዲ3 ላይ ያለው ክሎክ ፕሮግራሙ ከተነሣ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ጸጥ እንደሚል አየን። ሁለት ሰከንድ ደግሞ ዲኤችቲ22 በሁለት ንባቦች መካከል የሚፈልገው ዕረፍት ነው። የሴንሰሩ ገመድ አሁንም በዲ3 ላይ ነበር። የሴንሰሩ ኮድ ንባብ በወሰደ ቁጥር ፒኑን ወደ ተራ መውጫና መግቢያ ይቀይረዋል፤ የኤስፒአይ ፒኖችን በማስጀመሪያው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያዘጋጀው ኮዳችን ደግሞ መልሶ አይወስደውም። ከመጀመሪያው የሙቀት ንባብ በኋላ ክሎክ የሚባል ነገር የለም።

እዚህ ላይ የኋላውን ታሪክም መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሴንሰሩ በዲ3 ላይ ሆኖ ያለ እንከን መሥራቱ ከዚያ ፒን ላይ ጥርጣሬያችንን ሁሉ አንሥቶልን ነበር። እውነቱ ግን የሴንሰሩ ምልልስ በሙሉ በብሉቱዝ ቺፑ የክሎክ እግር ላይም ይደርስ ነበር፤ ቺፑ ያልተመረጠ በመሆኑ አልሰማውም፣ እግሩም መግቢያ ብቻ በመሆኑ ሴንሰሩን አልረበሸውም።

የንባቡን ኮድ ብናጠፋና ገመዱን ብንተወውስ ብለን ሞከርን። አብዛኛውን ጊዜ ሠራ፤ ከዝምታ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ልውውጥ ግን አልፎ አልፎ ይበላሽ ነበር፤ በአናላይዘሩ ላይም ጥቂት ምቶች ጎድለው ይታያሉ። ዲኤችቲ22 መረጃ እንዲሰጥ የሚጠየቀው መስመሩ ለአንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ወደ ዜሮ ወርዶ ሲለቀቅ ነው፤ ያን ሲያይ እርሱ ራሱ መስመሩን ለ80 ማይክሮሰከንድ ያህል ወደ ታች ይስባል። በሞድ 0 ክሎኩ ሥራ ሲፈታ የሚያርፈው በዜሮ ላይ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ የኤስፒአይ ዝምታ ለሴንሰሩ ጥሪ ነበር፤ የመጀመሪያው የክሎክ ምት ሲነሣ ሴንሰሩ «አቤት» ብሎ ይመልሳል፣ ማይክሮኮንትሮለሩና ሴንሰሩም በአንድ ገመድ ላይ ይጎታተታሉ።

የሴንሰሩን ገመድ ከፑል አፕ ሬዚስተሩ ጋር ወደ ዲ4 አዛወርነው፤ ማስፋፊያ ቦርዱ ይህን ፒን አይነካውም። ክሎኩን ወደ 8 ሜጋኸርትዝ መልሰን መሣሪያውን ሌሊቱን ሙሉ ከስልኩ ጋር አገናኝተን አሳደርነው፤ ጠዋት ስንመጣ ንባቡ ሳይቋረጥ እየመጣ ነበር። ተማሪዎቹ ከዚያ በኋላ በዘገባቸው ላይ ያልነበረ አንድ ሰንጠረዥ ጨመሩ፤ በእያንዳንዱ ፒን ፊት ማን እንደሚጠቀምበት፣ በማን ሰነድ እንደተረጋገጠና በቴስተር የተለካ መሆን አለመሆኑ ተጽፏል። በዲ13 ረድፍ ላይ «ኤልኢዲ ብቻ» ይላል። አረንጓዴዋም ከዚያ ወዲህ የምትበራው የሳጥኑ ሙቀት ከ38 ዲግሪ ሲያልፍ ነው።